አምስት ደቂቃ ለመርዶ

ባለፈው ክረምት ጨለለቂ ሰፈር ካለው ግቢዬ አንዱን ክፍል የተከራየችው የነርሲንግ ተማሪ ከግድግዳው ማዶ እንግሊዝኛ ታነበንብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ እሰማታለሁ። ቃላቱ ቆርቆሮውን ከሚመታው ዝናብ ጋር እየተቀላቀሉ ይመጣሉ፤ ግማሹን አውቀዋለሁ፣ ግማሹ እንደ ሕልም ያልፈኛል።

አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። ብወጣ በረንዳው ላይ አቀርቅራ ተቀምጣለች።

«ምነው ኢንተሎ፣ ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አዮ» አለችኝ፣ እናቷን እንደምትጠራ፤ «የንግግር ፈተናውን ወደቅኩ። አንድ ጊዜ ይደግሙልኛል። ያንንም ከወደቅኩ ዓመቱን ልደግም ነው፤ አባቴ ደግሞ አንድ ዓመት ጨምሮ ማስተማር አይችልም።»

በፈተናው መምህሩ የሟች ዘመድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ተማሪዋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መርዶውን በእንግሊዝኛ መንገር አለባት።

«እስቲ እኔን አርጂኝ» አልኳትና ባሏ የሞተባት ሴት ሆኜ ተቀመጥኩ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የቀረኝ ጥቂት እንግሊዝኛ አለኝ።

ጀመረች። እኔን ጠየቀች፤ ልጆቼን፣ ጎረቤቶቼን፣ ዝናቡን ጠየቀች። እንግሊዝኛዋ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር። «ሃው አር ዩር ካትል?» ስትለኝ ሰዓቱን አየሁ፤ አምስቱ ደቂቃ አልቋል።

«ከብት የለኝም። ባሌም እስካሁን አልሞተም» አልኳት።

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሳልጠይቅ እንዴት እናገራለሁ አዮ? እኛ አገር፣ ጊዳ አያና፣ ዘው ብሎ መርዶ የሚናገር ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው የሚባለው።»

እውነቷን ነው። እኔንም የእውነት ባሌ የሞተ ጊዜ ሊያረዱኝ ሽማግሌዎች የመጡት ንጋት ላይ ነበር። ጉም ግቢውን ሞልቶት ፊታቸው በደንብ አይታይም። «አከም ቡልቴ፣ ነጉማ?» አሉ፤ እንዴት አደርሽ፣ ሰላም ነው? ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ አዝመራው ጠየቁ። ሰላምታው ሲረዝም ገባኝ። የመጨረሻውን ቃል ሳይናገሩ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር።

ይህን አልነገርኳትም። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ» አልኳት። «ከዚያ ቁጭ በይ፣ ንገሪ፣ ዝም በይ።»

«ዝምታ ማርክ ያሰጣል?»

«እኔ እንጃ። ለቅሶ ቤት ግን ይቆጠራል።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ባሌ በየቀኑ ሞተ። አንዳንዴ ከብት ላይ ስትደርስ እጄን አነሳለሁ፤ እንደገና ትጀምራለች። በአሥረኛው ቀን ወንበሯን አስጠጋች፤ እንዴት ዋሉ አለችኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ነገረችኝ። በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ቃሉ ከዚያ ጉም ውስጥ ዘግይቶ የመጣ መሰለኝ። «ደህና ነው» አልኳትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

የፈተናው ዕለት ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በሩ ላይ አወረዳት።

«አለፍኩ!» አለች።

«እንዴት አደረግሽ?»

«መምህሩ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እንዴት ዋሉ አልኩ፤ ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ነገርኳቸው።»

«ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?»

«ሦስት።»

«የቀረውንስ?»

«አብሬያቸው ተቀመጥኩ።»