ብርቄ

ዓረብ አገር፣ ማንጋፍ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ለእርግዝና ምርመራ ሄጄ፣ ነርሷ የአልትራሳውንዱን ጄል ሆዴ ላይ ስታፈሰው ቅዝቃዜው ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ የምንኖረው ኸይጣን የሚባል ሰፈር ነበር። እናቴ ገላዬን ስታጥበኝ ጎኔ ላይ ጠጣር ነገር ዳሰሰችና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ያንኑ ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ ኩላሊቴን ደጋግሞ አየና፣ «ወረም ናዲር» አለ።

የእናቴ ዓረብኛ የወጥ ቤት ነው፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

«ምን አለ፣ ብርቄ?» አለችኝ። ብቸኛ ልጇ ስለሆንኩ ብርቄ ነበር የምትለኝ።

ወረምን አላወቅሁትም፤ ናዲርን ግን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። «ወረም ነው፣ ብርቅ ነው አለ» አልኳት፣ ያሞገሰኝ መስሎኝ።

እሷ ግን ሩማይሲያ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ፣ የማዳሟን እናት ስታስታምም ቃሉን ሰምታዋለች፤ ዕጢ ማለት ነው። እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው።

አንዱ ኩላሊቴ ወጣ፤ በመድኃኒቱ የረገፈው ፀጉሬም ተመልሶ በቀለ። ብርቄ ብላ ግን ዳግመኛ አልጠራችኝም።

አሁን የነርሷ እጅ ሆዴ ላይ ቆመ። አጠገቤ የቆመችው እናቴ እጄን ጨመቀችው።

«ኩሉ ዓዲ» አለች ነርሷ።

«ተራ ነው ማለቷ ነው?» አለች እናቴ፣ ጆሮዋን እንዳላመነች።

«አዎ እማ፣ ሁሉም ተራ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ተራ ይሁንልኝ።»