የሁለተኛው ቆጣሪ ፊርማ

የያዙኝ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው። አንገቴ ላይ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ብብቴ ስር ደብተር ነበር።

ወሩ ነሐሴ ነው። ክረምት ለእኛ ለወፍ ቆጣሪዎች የሥራ ወቅት ነው፤ ሸምበቆው በሸማኔ ወፎች ጎጆ ይሞላል፣ ረግረጉ ላይ ዳክዬዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይወጣሉ። በሳምንቱ ቀናት የፋብሪካ ማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ጎጆ እቆጥራለሁ። ክፍያ የለውም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጎረቤቶቼ ቦቲ ጫማዬን ሲያዩ፣ "ዛሬም ወፍ ልትጠብቅ ነው?" ይሉኛል። ተቀይሜያቸው አላውቅም፤ እውነታቸውን ነው።

ሁለት ሰዎች ከኋላዬ መጡ። አንደኛው በትሕትና፣ "ምን እያየህ ነው?" አለኝ።

"ጎጆ።"

መነጽሬ ወደ ዞረበት ተመለከተ። ከሸምበቆው ጀርባ፣ ከወንዙ ማዶ፣ የሽቦ አጥርና የጥበቃ ማማ ይታያል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማማውን ልብ ብዬው አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? አራት ዓመት ሙሉ ወደዚያ እያየሁ ያየሁት ሸምበቆውን ብቻ ነው። ይህንኑ ስነግራቸው ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ደብተሩን ገለጡት። ሰዓት፣ አቅጣጫ፣ የወጡ፣ የገቡ፣ ከግርጌው ሁለት ፊርማ። "12፡40፣ ከማዶ ስድስት ወጡ፣ አራት ገቡ" ይላል አንዱ መስመር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሚመስል የገባኝ ግን በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ሳነበው ነው። ክው አልኩ። የፋብሪካውን መታወቂያ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ያስገቡኝ ክፍል የት እንደሆነ አልጽፍም። አሥራ አንድ ሰው፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ። ከጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት የጎደለበት የአየር ቀዳዳ አለ። ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ቁጭ እንዳልኩ አንዲት ድንቢጥ ቀዳዳው አፍ ላይ አረፈች፣ ግራ ቀኝ አየችና ወደ ውስጥ ጠለቀች። ቆየች። አልወጣችም። እንቁላል ታቅፋለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ። ሰው ታስሮ ስለ ድንቢጥ ያስባል?

አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ አገራቸው ስልጤ፣ ሱቃቸው አቃቂ በሰቃ። ለምን እንደታሰሩ አልጠየቅኳቸውም፤ እስር ቤት ሰው ራሱ ካልነገረህ አይጠየቅም። እሳቸው ግን በዕድሜያቸው ተጠቅመው ጠየቁኝ።

"ምን አድርገህ ነው ልጄ?"

"ወፍ ስቆጥር ነው አባባ።"

"በአላህ?"

"እውነቴን ነው።"

ከወዲያ ጥግ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ "እንዲህ ከሆነማ ስለ መፈታት ወፍ የለም በለኛ!" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከተያዝኩ በኋላ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

ስለ ሁለቱ ፊርማዎች እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። በእኛ ደንብ አንድ ሰው ብቻውን ያየው አይመዘገብም። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፣ ሳይተያይ ይጽፋል፣ ከዚያ ያመሳክራል። ከተለያየ እንደገና ይቆጠራል። ሁለቱም ካልፈረሙበት ገጹ ተቀዶ ይጣላል። የእኔ ሁለተኛ ቆጣሪ ነርስ ነበረች፤ የአራት ወር ሕፃኗን አዝላ ነው ጭቃ የምትገባው። ያን እሑድ ሕፃኑ አተኩሶት ቀረች። ስሟ ደብተሩ ላይ የለም። ፊርማዋ ግን በየገጹ አለ።

በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው አልጮኸብኝም። ደብተሩን ወደ እኔ አዞረና ጣቱን ግርጌው ላይ አሳረፈ።

"ይቺ ፊርማ የማን ናት?"

"የእኔ።"

"ይቺኛዋስ?"

ሕፃኑ ታየኝ። እናቱ ብትያዝ የሚያጠባው አልነበረም።

"እሷም የእኔ ናት።"

"አንድ ሰው ሁለቴ ይፈርማል?"

"ደንቡ ሁለት ሰው ይላል። ሁለተኛ ሰው አጣሁ።"

"እና አጭበረበርክ።"

"አዎ።"

"አራት ዓመት?"

"አራት ዓመት።"

ነጭ ወረቀትና እስክርቢቶ ገፋልኝ። "በል፣ ሁለቱንም እዚህ ፈርም። እያየሁህ።"

የእሷን ፊርማ ሞክሬው አላውቅም። ጅራቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ ይጣልበታል። እጄ አንድም ጊዜ ሳትደናቀፍ ጻፈችው፤ ነጥቦቹን ሳይቀር። ደነገጥኩ። ከመታሰሬም ከመጠየቄም ይልቅ ያስደነገጠኝ የገዛ እጄ ነው። ይህን መቼ ተማረችው?

ሁለቱን አስተያየና ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም፣ ያዘነልኝ ይመስላል። "ሰው በወፍ ያጭበረብራል? ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁጥር ውሸት ነው?"

"ውሸት ነው።"

አራት ክረምት በዝናብ የቆጠርነው፣ አንዲት እንቁላል ስትለያየን እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ተመልሰን ያረጋገጥነው ሁሉ ውሸት ነው አልኩ። ቃሌ ተጽፎ ተነበበልኝና ፈረምኩ። ያኔ የፈረምኩት አንዴ ብቻ ነው።

ክፍሉ ስመለስ አባባ ፊቴን አይተው፣ "መቱህ እንዴ?" አሉኝ። አልመቱኝም አልኳቸው። የሆነውን በሹክሹክታ ነገርኳቸው። "የሰው ልጅ ካተረፍክበት ውሸቱን አላህ ያውቀዋል" አሉ። "ፊርማው ግን ከባድ ነው።" አላባበሉኝም፤ በዚህ ወደድኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ድንቢጧ ትል ይዛ መግባት ጀመረች። ተፈልፍለዋል። ከሳሙና ካርቶን አንድ ፊት ቀደድኩ፤ ሹፌሩ የእስክርቢቶ ቀለም አበደረኝ። ረጅም ስለሆንኩ ባልዲ ገልብጬ ስቆምበት ቀዳዳው ውስጥ አያለሁ። ጫጩቶቹ አፋቸውን እስኪከፍቱ ቀናት ጠበቅኩ፣ አየሁ፣ ጻፍኩ። ቀጥሎ ሁለተኛ ቆጣሪ ያስፈልጋል። አባባን ጠየቅኳቸው።

"እኔ የማውቀው የሱቅ ቆጠራ ነው።"

"ያው ነው። ይፈርሙልኝ።"

"ያላየሁትን አልፈርምም!" ተቆጡ። "ሳያይ የሚፈርም በዝቶ አይደል እኛ እዚህ ያለነው? ጉልበቴ ይሻለኝና አየዋለሁ።"

ጉልበታቸው ሳይሻላቸው ቀናት ሄዱ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ።

"ዕቃህን ይዘህ ውጣ! ተፈተሃል።"

ሰው ሁሉ እየተነሣ አቀፈኝ፤ አንዱ ብርድ ልብሴን፣ ሌላው የውኃ ጠርሙሴን ተቀበለኝ። አባባ ግን ግድግዳ ይዘው ቆመው ነበር።

"ቁጥሩስ?" አሉኝ።

"ቶሎ በል እንጂ!" አለ ጠባቂው ከበሩ።

"ሁለት ደቂቃ" አልኩት። በነዚያ ቀናት ለጠባቂ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ከቀዳዳው ሥር ሄድኩ፣ ሁለት እጄን ግድግዳው ላይ ተክዬ ጎንበስ አልኩ። አባባ የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። "ይቅር በለኝ ልጄ" ብለው፣ ሹፌሩና ሌላ ሰው ደግፈዋቸው ጀርባዬ ላይ ወጡ። እግራቸው ቀዝቃዛ ነበር። ክብደት የላቸውም ማለት ይቻላል። ቆዩ።

"ሦስት" አሉ።

ካርቶኑን ከደረት ኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። የእኔ ሁለት ይላል።

"ሦስት ናቸው ወላሂ። አንዷ ከኋላ ናት፣ ታንሳለች።"

ከተለያየ እንደገና ይቆጠራል። ባልዲውን ገልብጬ ላዩ ላይ ወጣሁ። ሁለት ቢጫ አፍ ተከፈተልኝ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ከኋላቸው ሦስተኛዋ አንገቷን አወጣች። እነዚያን ሁሉ ቀናት አላየኋትም ነበር።

ስወርድ ጠባቂው ቁልፉን ማቃጨል ትቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ስንት ሆኑ?" አለኝ።

"ሦስት።"

ሁለትን ሰርዤ ሦስት ጻፍኩ። እኔ ፈረምኩ። አባባ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የሱቅ ደረሰኝ እንደሚፈርም ሰው ቀስ ብለው፣ ሙሉ ስማቸውን ፈረሙ። ከዚያ ወጣሁ።

ደብተሩን አልመለሱልኝም። ነርሷን ወንዝ ዳር አግኝቻት ሁሉንም ነገርኳት። "እስቲ አሳየኝ" አለች። በእንጨት ጭቃው ላይ ፊርማዋን ጻፍኩት። ብዙ አየችውና በቦቲዋ አጠፋችው። "ልቤ ነው ቀጥ ያለው" አለች። ቀጥላም፣ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ እያስተካከለች፣ እሑድ መምጣቴን ጠየቀችኝ።

እሑድ እሄዳለሁ። ግን የሌላ ሰው ፊርማ የፈረመ ሰው በእኛ ደንብ አይፈርምም። ጓደኞቼ ያንተ ይለያል ብለው ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። አሁን መነጽር እሸከማለሁ፣ ጭቃውን ቀድሜ እሞክራለሁ። የሚፈርሙት ሌሎች ናቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈረምኩበት የቆጠራ ወረቀት ያ የሳሙና ካርቶን ነው።

አባባም ከእኔ በኋላ ተፈተዋል። በቀደም ሱቃቸው በር ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡኝ።

"በረሩ" አሉኝ። "አንተ በወጣህ በአራተኛው ቀን። ሦስቱም፣ ያቺ ትንሿም።"

ካርቶኑን ከኪስ ቦርሳዬ አወጣሁ፤ ከእሳቸው እስክርቢቶ ፈለግኩ። እጄን በእጃቸው ሸፈኑት።

"አትጻፈው" አሉ። "ሹፌሩ ለምርመራ ወጥቶ፣ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ነበር። ብቻዬን ነው ያየሁት።"

አልጻፍኩትም።