ለአንድ ሰው ብቻ ዝም የሚል ውሻ

ሽታዬ መጠየቅ ትወዳለች። ደምበጫ ገበያ ጨው ሊሸምት የወጣ ሰው ከእሷ ጋር ከተገናኘ ጨውን ረስቶ ይመለሳል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። በጣሊያን ጊዜ ግን ይህ አመሏ ለቁም ነገር ዋለ።

ባሏ ውበቱ ጫካ ገብቷል። እሱ ከሄደ በኋላ ጎረቤት የሰጣት ቡችላ፣ መከታ፣ አድጎ ግቢውን ይጠብቅላታል። ችግሩ ውበቱን አያውቀውም። አንድ ቀን ውበቱ ስንቅ ሊወስድ ብቅ ቢል ውሻው መንደሩን በጩኸት አናጋው። ከጉብታው ላይ የሰፈሩት ባንዶች እየሮጡ መጡ፤ ሰውየው በጓሮ ዘሎ ለጥቂት አመለጠ። ውሻውን እንዳታባርረው፣ ጅቡስ? ባንዳ ሲመጣስ ማን ይነግራታል? ለሌላው ሁሉ የሚጮኽ፣ ለውበቱ ዝም የሚል ውሻ ያስፈልጋት ነበር። ይህን ደግሞ ለማን አምና ትናገራለች?

ውሻ በማለማመድ የታወቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ አስማማው ዘንድ ሄዳ፣ የማንንም ስም ሳታነሣ ጉዳዩን ነገረችው። የገዛ ውሻው ድምፁን ሲሰማ ጅራቱን ወትፎ ጥግ ይይዛል።

«ምን ሲያጠፋ ነው የምትመታው?» አለችው።

«ሳያጠፋም እመታዋለሁ። እንዲፈራኝ ነዋ!»

«አንተ በሌለህበትስ ማንን ይፈራል?»

አስማማው ግን «ዝም እንዲል የፈለግሽው ለማን ነው?» ብሎ አፈጠጠባት።

«ለበጎቼ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ውልቅ አለች።

ሁለተኛው፣ አያ ፈንታ፣ ሸምገል ያሉ አዳኝ ናቸው። ውሻቸው አገጩን እግራቸው ላይ ጥሎ ያንቀላፋል። ይህን አይታ ልቧ ትንሽ ረጋ፤ አፏ ግን አልረጋም።

«አያ ፈንታ፣ ከእርስዎ እጅ መብላት ለምዶ እኔን ቢረሳኝስ?»

«አንቺው እየመጣሽ ታበይዋለሽ። ልቀማሽ ነው እንዴ?»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እርስዎስ የት ይበላሉ?»

የባንዳ ደሞዝ ይበሉ እንደሆነ መጠየቋ ነበር። ሽማግሌው ገብቷቸው ከልባቸው ሳቁ። «ከማሳዬ ነዋ! ዘንድሮ ገብሱ ባይሰጥም።» ቀጥለውም «ዝም እንዲልለት የምትፈልጊው ሰው የለበሰውን ልብስ አምጪልኝ፤ ውሻው እላዩ ይተኛበት» አሏት።

ሽታዬ ደነገጠች። «ማን እንደሆነ አይጠይቁኝም?»

«ውሻው ይወቀው እንጂ እኔ ባውቀው ምን ይረባል?»

በዚህ መልስ መረጠቻቸው።

በማግስቱ ውበቱ ትቶት የሄደውን እጀ ጠባብ ይዛ መጣች፤ በእንዶድ አጥባ፣ ነጭ አድርጋ፣ አጣጥፋ። የባሏን እድፍ ለሰው ማሳየት ሞቷ ነው። አያ ፈንታ አሸተቱትና ራሳቸውን ያዙ።

«ምነው እቴ! ሰውየውን እኮ አጥበሽ ጣልሽው!»

ሽታዬ እዚያው አለቀሰች። ሌላ ልብሱ የላትም። በናፈቃት ቁጥር እሷም ያንኑ ልብስ ታሸት እንደነበር ትዝ ያላት ያኔ ነው።

«የማይታጠብ ነገርስ አልተወልሽም?» አሏት ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ቁርበቱ! ከሰርጋቸው ጀምሮ አብረው የተኙበት የበሬ ቁርበት። ወስዳ ሰጠቻቸው። ክረምቱን እሷ ባዶ መደብ ላይ እየተኛች፣ መከታ አያ ፈንታ ቤት ቁርበቱ ላይ እየተንደላቀቀ ከረመ። በየጊዜው እየሄደች ታበላዋለች፤ እግረ መንገዷንም ሽማግሌውን በጥያቄ ታደርቃቸዋለች።

መስከረም ላይ ውሻውም ቁርበቱም ተመለሱ። አንድ ረፋድ፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ ሽታዬ ጥጥ ትፈትል ነበር። መከታ ከደጃፉ ተነሥቶ ሄደ፤ ስላልጮኸ ቀና ብላም አላየችው። ደጁ ሲጨልምባት ነው ዞር ያለችው። ውበቱ ቆሟል፤ መከታ እግሩን ይልሳል።

«ዛሬስ በላኝ ብዬ ነበር» አለ ውበቱ በሹክሹክታ። «ማን አለማመደው?»

«ውሻው ይወቅህ እንጂ አንተ ያለማመደውን ብታውቅ ምን ይረባሃል?» አለችና እንዝርቷን ጥላ፣ አንገቱ ሥር ገብታ አሸተተችው።