ቢጢሎ የምትባል ወፍ

ልጅ ሳለሁ አባቴ በአንጋጫ መንገድ የቀድሞ አስተማሪው ጋሼ ላምቦሬ ዘንድ ይወስደኝ ነበር። ስለ ወፍና ስለ ዛፍ በጻፏቸው መጻሕፍት አገር ያወቃቸው ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ግን እንሰት የከበባት የሣር ቤት ነበረች።

ያኔ፣ አመሻሹ ላይ፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ምድጃው ዳር ቆጯችንን በጎመን እየበላን ተረት እንጠብቃለን። እሳቸው ታዲያ እንዲሁ አይጀምሩም። «በአያቶቹ ቋንቋ የአንድ ወፍ ስም ያላመጣ ተረት የለውም!» ይሉና ስሙን ለመጽሐፋቸው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። የሰፈሩ ልጆች በከምባትኛ ያዥጎደጉዱላቸዋል። ከእኔ የሚፈልጉት ሀዲይኛ ነበር። እኔ ደግሞ «ትምህርቷ ይበላሻል» ተብሎ ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ ያደግሁ የሆሳዕና ልጅ ነኝ።

አንድ ቀን እንሰቱ ላይ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርገውን ትንሽ ወፍ ስም ጠየቁኝ። አላውቅም ለማለት አፍሬ «ቢጢሎ» አልኩ። ቢጢሎ የጎረቤታችን ቡችላ ስም ነው።

«ከማን ሰማሽ?»

«ከአያቴ።»

ኩራዙን አስጠግተው ጻፉት። የዚያን ምሽት ተረት ግን አንዱንም አላስታውሰው።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደ። ዘንድሮ እኔም አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎቼን ይዤ እዚያው ቤት ሄድኩ። ጋሼ ላምቦሬ ዓይናቸው ደክሟል። ወፏ መጥታ እንሰቱ ላይ ስታርፍ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ «ቢጢሎ!» ብለው ጮኹ። መጽሐፉን አንብበዋላ! እሳቸው ደስ ብሏቸው ሲስቁ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጆቹ ወደ መኪናው ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ድሮው እስክሪብቶ ፍለጋ የኮት ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ።

«ታዲያ ልጄ፣ አያትሽ ወፏን ምን ይሏታል?»

አያቴ ከሞተች ቆይታለች። አማርኛ አትችልም ነበር። ጓሮ ይዛኝ ስትዞር ያቺን ወፍ በጣቷ እያሳየች፣ ደጋግማ፣ አንድ ቃል ትለኝ ነበር። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ቃሉን ሳልይዘው አልፋት ነበር።