ውጭ ያደሩ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች

ማለዳ ብርድ የያዘው ሞተር ሲነሳ ሰምታችሁ፣ ከዓመታት በፊት የምታውቁት ሰው ፊታችሁ ድቅን ብሎባችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ገጠመኝ። አንድ አሮጌ ፒክአፕ ሲነሳ ለአፍታ ተንኳኳና ረጋ አለ። ጋሼ ሰይድ ትዝ አሉኝ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ጋሼ ሰይድ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለስ ሚኒባስ ነበረቻቸው። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለነበር የምነቃው በእሷ ድምፅ ነው። ስትነሳ ጠጠር እንደያዘ ጣሳ ትንኳኳለች፤ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ሰማያዊ ጭስ በአጥሩ ሾልኮ ይገባል። ሞተሯ አንድ ጊዜ ወርዶ ታድሷል። መካኒኩ ሁለተኛ እንደማይታደስ ነግሯቸው ነበር። አምስት ልጆች የሚያድጉት ደግሞ በእሷ ነው።

ሞተሯን የጎዳው ስህተት የሁሉም ሾፌር ነበር። ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ የሐረጎ ዳገትም ሞተር ያግላል ብለው ወፍራም ዘይት ይሞላሉ። መኪናዋ የምታድረው ደሴ ብርድ ላይ መሆኑን ግን ማንም ልብ አላለም። ሞተር ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ሲነሳ፣ ብርድ ያወፈረው ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ሞተር በብዛት እየተፋቀ የሚበላው በዚያች ቅጽበት ነው።

አንድ የኅዳር ማምሻ ጋሼ ሰይድ ሁለት ዓይነት ዘይት በሁለት የሻይ ብርጭቆ ቀድተው አጥሩ ሥር አሳደሩ። አንደኛው የለመዱት ነው። ሌላውን እዚያው ደሴ ፒያሳ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ሲሰጣቸው፣ በብርድ ቶሎ አይወፍርም፣ በሙቀትም ከልክ በላይ አይቀጥንም ብሏቸዋል። ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ብርጭቆዎቹን እኩል አዘነበሏቸው። አዲሱ ወዲያው ፈሰሰ። የለመዱት እንደ ማር ጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከበሩ ሆነው ያያሉ። «ደግሞ በሻይ ብርጭቆዬ ታስተናግዳት ጀመርክ?»

«ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በውኃ ጥም ነው የነዳኋት» አሉ፣ ዓይናቸውን ከብርጭቆው ሳያነሱ።

ዘይቱን በዚያው ቀን ቀየሩ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ከተማዋን እስኪወጡም ነዳጅ ሳያበዙ ቀስ ብለው ይነዳሉ። ተሳፋሪ ዱዓ እያደረጉላት ነው ወይ ብሎ ሲያሾፍባቸው፣ «አዎ፣ አሚን በሉ» ይሉታል። መኪናው ሙሉ ሰው አሚን ይላል።

የተበላው ብረት አልተመለሰም፤ ጭሱም ጨርሶ አልጠፋም። የጠዋቱ መንኳኳት ግን ቀነሰ፣ ሞተሯም ዳግም ሳይወርድ የመጨረሻ ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች።

ጋሼ ሰይድ ካረፉ ቆይቷል። እትዬ ዘይነባ በብርጭቆዎቹ ዳግም ሻይ አልቀዱም፤ መምህር ስሆን ለእኔ ሰጡኝ። በየኅዳሩ ለተማሪዎቼ በእነሱ ዘይት ቀድቼ ውጭ አሳድራለሁ።

እናንተም ሞክሩት። ጠዋት ብርጭቆውን አዘንብሉና ዘይቱ ከጠርዙ እስኪወርድ ቁጠሩ። መኪና ካላችሁ፣ ነገ ስታስነሷት ያን ያህል ታገሷት።