ለሙሽራዋ ያላቀበልኩት ቃል

ይህን ለባሌም፣ ለፓስተራችንም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ፊታችሁን አለማየቴ ጥሩ ነው፤ ባየው ነገሩን ማሳመሬ አይቀርም።

እዚህ በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ አዳራሽ ተከራይታ በምታመልከው ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስማት ለተሳናቸው በምልክት ቋንቋ የምናስተረጉመው ሁለት ነበርን፤ እኔና ሂሩት። አንዳችን ቆመን ስናስተረጉም ሌላችን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። የቆመችው ቃል ካመለጣት ቀና ብላ ታያለች፤ የተቀመጠችው ወዲያው በእጇ ታቀብላታለች። ሥራው በዚህ መተማመን ነው የሚቆመው።

ሂሩት በዲቪ መጥታ ከኔ በኋላ የጀመረች ናት። ግን ከአምልኮ በኋላ ሁሉም የሚከቡት እሷን ነበር። እሷ በእጇ ቀልድ ታወራለች፤ እኔ እንደ ዜና አንባቢ ነኝ። ቀናሁባት። ሌላ ስም ልስጠው? ቅናት ነው።

ከዚያ የሰብለ ሠርግ መጣ። ሰብለ መስማት ከተሳናቸው ምእመኖቻችን አንዷ ናት። አባቷ ጋሽ ደምሴ ለሠርጉ ከአገር ቤት መጥተው ለምርቃት ተነሡ። ጥቂት እንደ መረቁ እንባ ቀደማቸው፤ ማይኩን ከአፋቸው አወረዱና ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣

«ያንቺን ቋንቋ ሳልማርልሽ አረጀሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት።

ያን ቀን የምታስተረጉመው ሂሩት ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ስለ ቆመች፣ ከሥር የተከፈተው መዝሙር ቃላቸውን ሸፈነባት። ቃል የማቀብላት እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ሰማሁ። ሂሩት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። አዎ፣ ነጠላዬን! ግራ ሲገባት «እየመረቁሽ ነው» ብላ አስተረጎመች። ሰብለም ለአባቷ ፈገግ አለችላቸው። ጋሽ ደምሴ ያን ፈገግታ ምን ብለው ወሰዱት? ምሕረት? ወይስ ንቀት? በዓመቱ አገር ቤት አረፉ፤ መርዶውን በቫይበር የላከችልኝ ሂሩት ናት።

አሁን ወደ ጠባችን ልምጣ። ከሠርጉ በኋላ ሂሩት «ሆን ብላ ዝም አለችኝ» ብላ ለአገልግሎቱ ኃላፊ ለጋሽ ግርማ ነገረቻቸው። ተኮራረፍን፤ አብረን መቆምም አቃተን። ጋሽ ግርማ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ባለው ቢሯቸው ጠርተው ፊት ለፊት አስቀመጡን። እኔ ምን አልኩ? እኔም አልሰማሁም አልኩ። ዋሸሁ። ሂሩት ትንሽ አየችኝና ፊቷ ረገበ።

«ሶሪ፣ በከንቱ ጠረጠርኩሽ። ያን ቀን በጣም ስትሬስድ ሆኜ ነበር። ይቅር በይኝ» አለችኝ።

እኔም ይቅር አልኳት። ገባችሁ? በዳይዋ እኔ፣ ይቅር ባይዋም እኔ! አቅፋኝ ስታለቅስ ጀርባዋን አሻሸሁላት። ጋሽ ግርማ ጸልየው አሰናበቱን። ከዚያ ወዲህ ሂሩት እንደ እህቴ ሆነች። ስወልድ ገንፎ አገንፍታ ያበላችኝ፣ ልጄን አቅፋ እኔን ያስተኛችኝ እሷ ናት። እወዳታለሁ። ስወዳት ደግሞ ያ ውሸት ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ወጣት ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር አልልም። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት። የአባትን ይቅርታ ከልጁ ላይ የቀማሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ሂሩት ቤት እሄዳለሁ። ከፈቀደችልኝ አብረን ወደ ሰብለ ሄደን የአባቷን ቃል በገዛ እጄ እነግራታለሁ። ሽማግሌ አልጠራም። ሂሩትን አውቃታለሁ፤ ገና ስጀምር ይቅር ብዬሻለሁ ልትለኝ ትችላለች። እስክጨርስ ድረስ ይቅር እንዳትለኝ እለምናታለሁ።