የአባቴ ጋቢ ሽታ

አባቴ ኦቾሎ በምትባል የተራራ መንደር ውስጥ ሸማኔ ነበር። በልጅነቴ ሲበርደኝ በገዛ እጁ የሸመነው ጋቢ ውስጥ ያስገባኝ ነበር። ከሞተ በኋላ ስለዚያ ጋቢ ግጥም ጻፍኩ፤ ጥጥና ፀሐይ ይሸታል አልኩ። አርባ ምንጭ አዳራሽ ውስጥ ሳነበው ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ።

በሳምንቱ ታላቅ እህቴ ከኦቾሎ ወርዳ ቤቴ መጣች። አባታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት። እኔ ግን እሱ በታመመበት ጊዜ ሁለቴ ብቻ ሄጄ፣ በር ላይ ቆሜ ጠይቄው ተመልሻለሁ።

"ግጥምህን በስልክ ሰማሁት" ብላ አንድ ፌስታል ሰጠችኝ። "ጋቢው ያንተ ይሁን።"

ፌስታሉን ስፈታው የሽንትና የመግል ሽታ ፊቴን መታኝ። ጋቢው መሐል ላይ ቢጫ እድፍ ነበረበት። አፍንጫዬን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩና አስመለሰኝ።

"ለምን አላጠብሽውም?" አልኳት ስመለስ።

"ስንት ጊዜ አጠብኩት! ከመተኛት ብዛት ጎኑ ቆስሎ ነበር እኮ። አይለቅም።"

መቁሰሉን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ጭብጨባ ሳስበው እንደገና አቅለሸለሸኝ፤ አሁን ግን የከረፋኝ የራሴ ግጥም ነው።

እህቴ ያዘንኩ መስሏት ልታጽናናኝ ሞከረች። "ግጥምህ እኮ ውሸት አይደለም" አለችኝ። "አባባ በደህናው ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።"

ይህን ስትለኝ፣ እኔ የማውቀው የደህናውን ጊዜ አባቴን ብቻ መሆኑ ገብቶኝ ራሴን የባሰ ተጸየፍኩት። በማግስቱ ግጥሙን ለመጽሐፍ ካዘጋጀሁት ረቂቅ ውስጥ አወጣሁት።